በሹም አቦ ፀሐይ ማሞቂያ መፈተሽ

ባሕር ዳር ሹም አቦ ያለችው ጋራዤ ጣራዋ ቆርቆሮ ነው። ከቀኑ ስድስት ሰዓት በኋላ ከመኪና ሥር መተኛት ከመኪና ውስጥ ከመቀመጥ ይሻላል፤ መሬቱ ቢያንስ ይቀዘቅዛል። ጣና ቅርብ ነው እያልን እንጽናናለን እንጂ ነፋሱ እኛ ጋ ሲደርስ ሞቆ ነው። እንዲህ ባለ ቦታ ማሞቂያዬ አልሠራ አለ ብሎ የሚመጣ ሰው ብርቅ ነው። የሚመጣው ሁሉ ቅዝቃዜ ፈላጊ ነው።

አንድ አባትም መጀመሪያ የመጡት ቅዝቃዜ ፍለጋ ነበር። ጡረተኛ ናቸው፤ እንደ ዓይናቸው ብሌን የሚጠብቋት አሮጌ ኮሮላ አለቻቸው። ኤሲዋ ጋዝ አልይዝ አለ። ስንፈትሽ ከዳሽቦርዱ ኋላ ሆኖ አየሩን የሚያቀዘቅዘው ኢቫፖሬተር ተበስቷል። ዳሽቦርዱን አወረድን፤ ለወጥን፤ መለስን፤ ጋዝ ሞላን። ቀዝቃዛው አየር ፊታቸውን ሲመታቸው መርቀውኝ ሄዱ። በአምስተኛው ቀን ተመለሱ። ከባለቤታቸው ጋር ንፋስ መውጫ ለቅሶ ደርሰው መምጣታቸው ነው።

ንፋስ መውጫን ያየ ሰው ስሟ ከየት መጣ ብሎ አይጠይቅም። ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ከወረታ ተገንጥሎ በደብረ ታቦር የሚያልፈው መንገድ የጉናን ጥግ ይዞ ከ3,000 ሜትር በላይ ያወጣል። እዚህ በሸሚዝ የተነሳ ሰው እዚያ ጋቢ ይደርባል።

«ልጄ፣ ማሞቂያው ውርጭ ነው የሚተፋው» አሉኝ፣ ሞተሩን እንኳ ሳያጠፉ። «እሷ እግሯን በጋቢ ጠቅልላ፣ እኔ መስተዋቱን በነጠላዋ ጫፍ እየጠረግሁ ነው የመጣነው።»

«ጋሼ፣ ድሮስ ይሠራ ነበር?» አልኳቸው።

«አንተ ጋ እስክመጣ ድረስ ይሠራ ነበር።»

ምርመራው እዚህ ላይ ማለቅ ነበረበት። ሰውዬው ሙሉውን መልስ ነግረውኛል። እኔ ግን እጄ የነካውን ትቼ ያልነካሁትን ስበረብር ግማሽ ቀን አቃጠልኩ። አሁን ሳስበው ያፈርኩት ከጥፋቱ ይልቅ በዚህ ነው።

የመኪና ማሞቂያ የራሱ እሳት የለውም። ሞተሩን ያቀዘቀዘው ውሃ ሙቀቱን ተሸክሞ ወደ ራዲያተር ሲዞር፣ ከፊሉ በሁለት የጎማ ቱቦዎች በኩል ዳሽቦርዱ ሥር ወደተሸጎጠች ሌላ ትንሽ ራዲያተር ይገባል። ፋኑ አየሩን በእሷ ላይ ሲነፋው ይሞቃል። ኤሲ ነዳጅ ይበላል፤ ማሞቂያ ግን ሞተሩ ሊጥለው ያሰበውን ሙቀት ነው የሚሰጠን። (በጥር 2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠራ መኪና ወደ አገር አይገባም ከተባለ ወዲህ የምናያቸው የኤሌክትሪክ መኪኖች ይሄ ትርፍ የላቸውም፤ ከባትሪያቸው ቀንሰው ነው የሚሞቁት። ጉና ላይ ሲወጡ ምን እንደሚሉ ገና እንሰማለን።)

ቀዝቃዛ አየር ሲነፋ የኛ ሰው ቶሎ የሚጠረጥራቸው ነገሮች አሉ፤ ያለ ምክንያትም አይደለም። ሞተር እንዳይግል ተብሎ ቴርሞስታት ነቅሎ መጣል በአገራችን የተለመደ ነው። ቴርሞስታት ውሃው ከ80 ዲግሪ ከፍ እስኪል ወደ ትልቁ ራዲያተር የሚወስደውን መንገድ ዘግቶ የሚያቆይ ዕቃ ነው፤ ከሌለ ሞተሩ በብርድ አገር በቅጡ አይሞቅም። ኩላንት ትቶ የቧንቧ ውሃ መሙላትም አለ፤ ዝገቱና ደለሉ ትንሿን ራዲያተር ይደፍናታል። ደግሞ ውሃ ጎድሎ አየር ከገባ፣ አየሩ ላይኛው ቱቦ ላይ ተኝቶ ውሃውን አላሳልፍ ይላል። በተለይ ባሕር ዳር ደግሞ የራሷ አመል አላት፦ ትንሿ ራዲያተር ስታፈስ፣ እዚህ አገር ማሞቂያ ምን ያደርጋል ተብሎ ሁለቱ ቱቦዎች ተገጣጥመው ይታሰራሉ። ባለቤቱ እንኳ ሳያውቅ መኪናው ለዓመታት ያለ ማሞቂያ ይነዳል። ይህን የሚያደርግ ሰው የዓባይን በረሃ ረስቷል። ከወንዙ ወደ ደጀን ሽቅብ ሲወጣ የሙቀት መለኪያው ቀዩን መንካት ሲጀምር፣ የድሮ ሾፌር መስኮቱን ይከፍትና ማሞቂያውን እስከ መጨረሻው ይለቀዋል። ያቺ ትንሽ ራዲያተር ለሞተሩ ሁለተኛ ሳንባ ትሆናለች። ተሳፋሪው ያጉረመርማል፤ ሞተሩ ግን ይተርፋል።

ወደ ኮሮላዋ ልመለስ። ኮፈኑን ከፍቼ ሞተሩ እስኪሞቅ ጠበቅሁና ሁለቱን ቱቦዎች በእጄ ዳሰስኩ። ሁለቱም ትኩስ ከሆኑ ውሃው እየዞረ ነው፤ ችግሩ ዳሽቦርዱ ውስጥ ሆና አየሩን ወደ ሙቁ ወይም ወደ ቀዝቃዛው መንገድ የምትመልሰው በር ናት። አንዱ ትኩስ ሌላው ቀዝቃዛ ከሆነ ውሃው መንገድ ላይ ቆሟል። የሳቸው ሁለተኛው ነበር። ወደ ትንሿ ራዲያተር የሚገባውን ውሃ እስከሚከፍትና እስከሚዘጋው ቫልቭ ድረስ ያቃጥላል፤ ከቫልቩ ወዲያ በረዶ። በቃ ተደፍኗል አልኩ። ቱቦዎቹን ፈታሁ፤ ትንሿን ራዲያተር በውሃ ግፊት አጠብኳት። የወጣው ውሃ ከጣና የክረምት ውሃ ብዙም የማይደፈርስ ነበር። መልሼ አሰርኩ፤ አየር አስወጣሁ። አሁንም ቀዝቃዛ።

ቫልቩ ተጣብቆ ይሆናል ብዬ የሚጎትተውን ሽቦ አላቅቄ እጀታውን በጣቴ ገፋሁት። ያለ ምንም ትግል ዞረ። በደቂቃ ውስጥ ሁለቱም ቱቦዎች ጋሉ። ደስ ብሎኝ ገብቼ ፋኑን ከፈትኩ፤ የሚነፋው አየር ያው ቀዝቃዛ ነው። እዚህ ላይ ግራ ገባኝ። ውሃው አለ፣ ሙቀቱ አለ፣ ነፋሱ አለ፤ አይገናኙም።

ለማጅ ልጄ ዳሽቦርዱ ሥር በጀርባው ተኝቶ መብራት ይዞልኝ ነበር። «አለቃ፣ ይሄ ሽቦ ግን በደንብ አልታሰረም እኮ» አለኝ።

የሙቀት ማስተካከያው ሽቦ ነበር። ባሕር ዳር ያደገ ሰው ይህን ለመረዳት ብስክሌቱን ማስታወስ ይበቃዋል። የፍሬን ሽቦ በሰገባ ውስጥ ያልፋል፤ ሰገባው በሁለቱ ጫፎች ካልተያዘ እጀታውን ብትጨብጥ ሰገባው ይንፏቀቃል እንጂ ፍሬኑ አይዝም። የመኪናውም እንዲሁ ነው። የሰገባውን ጫፍ ከበሯ አጠገብ አንቃ የምትይዝ፣ ከጥፍር ብዙም የማትበልጥ የብረት መንጠቆ አለች። ዳሽቦርዱን ስመልስ ሽቦውን ከበሯ ጋር አገናኝቻለሁ፤ መንጠቆዋን ግን አልጫንኳትም። ሰውዬው ማስተካከያውን ወደ ቀዩ ሲያዞሩት ሰገባው ብቻ ይንሸራተታል፤ በሯ ቀዝቃዛው ላይ እንደተዘጋች ናት። በዚህ መኪና ላይ ደግሞ የውሃውን ቫልቭ የሚጎትተው ሌላ ሽቦ የተያያዘው ከዚያችው በር ጋር ነው። ስለዚህ አንድ ስህተት ሁለት ቦታ ላይ ታየኝ፤ እኔም ሁለት በሽታ መሰለኝ።

የበለጠ የሚያናድደኝ፣ ማስተካከያው ነግሮኝ ነበር። ገና ሳዞረው ቀሎኛል። ደህና ሽቦ ትንሽ ይከብዳል፤ መጨረሻው ላይ ሲደርስም ከዳሽቦርዱ ውስጥ በሯ ስትገጥም ድም ትላለች። ያን ቀን ድምፅም ክብደትም አልነበረም። ቅለቱን አዲስ ስለገጠምነው ነው ብዬ አለፍኩት።

መንጠቆዋን ዝም ብሎ መጫንም አይበቃም። ማስተካከያውን እስከ ቀዝቃዛው ጥግ አድርሶ፣ በሯን በእጅ ወደዚያው ጥግ ገፍቶ፣ የሰገባውን ልልነት ሳብ አድርጎ ነው የሚጫነው። መሃል ላይ ከተጫነ ለብ ያለ ነገር ይወጣና ደንበኛው «እየሠራ ነው፣ ግን…» ይላል። ያ «ግን» ከማንኛውም ብልሽት የባሰ አድካሚ ነው። ከዚያ ቫልቩም በሯ ሙቅ ላይ ስትሆን ሙሉ መከፈቱን ከኮፈኑ ሥር አይቶ ማረጋገጥ ነው። አዳዲሶቹ መኪኖች በሽቦ ፋንታ ትንሽ ሞተር አላቸው፤ እነሱም ሶኬታቸው ካልተሰካ ወይም ባትሪ ተነቅሎ ሲመለስ ቦታቸውን ከሳቱ ያንኑ ውርጭ ይተፋሉ።

መንጠቆዋን ለመጫን አምስት ደቂቃ አልፈጀብኝም። የእጥበቱን ዋጋ አልተቀበልኳቸውም፤ ቢከፍሉኝም ኖሮ በምን ፊቴ።

ለምን አልሞከርኩትም ብዬ ራሴን ጠይቄዋለሁ። መኪናውን ያስረከብኩት ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ነው። ሁላችንም በላብ ርሰናል። የጠገንኩት ቅዝቃዜ ነው፤ የሞከርኩትም ቅዝቃዜ ነው። መኪናው ከሹም አቦ ወጥቶ የት እንደሚያድር አላሰብኩም።

አሁን ዳሽቦርድ ከወረደ፣ ከማስረከቤ በፊት ሞተሩን አሙቄ፣ መስኮት ዘግቼ፣ ማሞቂያውን እስከ ጥጉ ከፍቼ እቀመጣለሁ። እኩለ ቀን ላይ። ለማጁ ይስቅብኛል፤ ከጎኔ ያለው ጎማ ጠጋኝ እኔን እያየ ራሱን ይነቀንቃል።

ሰውዬው ለአርባው ተመልሰው ሲወጡ ከደብረ ታቦር ወዲያ ደወሉልኝ። ልቤ ድንግጥ አለ።

«ልጄ፣ እሷ ሞቀኝ፣ መስኮት ክፈት እያለችኝ ነው» አሉ። ከኋላቸው የሴትዮዋ ሳቅ ይሰማኛል። ትንሽ ዝም አሉና፣ «ሬዲዮው ግን ወዲህ ስንመጣ ጠፋ። እሱንም ነክተኸው ነበር?»