አሥር ደቂቃ ለአንድ ኮርድ

እ.ኤ.አ. በ1890 በየካቲት ወር «ዘ ስታር» በተባለው የለንደን የማታ ጋዜጣ ላይ የሙዚቃ ሐያሲው እንዲህ ሲል አወጋ። አልሃምብራ ቴአትር ገብቶ ቪንቼንቲ የሚባል ዳንሰኛ እንደ እንዝርት እየሾረ መድረኩን ሲዞር አይቷል። ሌሊት ወደ ቤቱ ሲመለስ ፊትዝሮይ አደባባይ ጭር ብሎ ጠበቀው። መሀሉ በብረት አጥር ክብ ሆኖ የታጠረ ነው። ልቡ አላስችል አለውና እንደ ቪንቼንቲ እየሾረ አጥሩን ሊዞር ተነሣ። ወደቀ፤ ተነሣ፤ ደግሞ ወደቀ። ፖሊስ መጥቶ አነሣውና ምን እንደሚሠራ ጠየቀው። ጉዳዩ ሲነገረው ፖሊሱም ያን ያህል የሚከብድ አልመስል አለውና እስቲ ልሞክረው አለ። አለቃው ሊቆጣ መጥቶ እሱም እዚያው ቀረ። ሊነጋጋ ሲል ፖስተኛና ወተት አመላላሽ ተጨመሩ።

ወጉ ፈጠራ መሆኑን ለማወቅ ነቢይ መሆን አያስፈልግም። እኔ የምደነቀው ግን በአሠራሩ ነው። ቪንቼንቲን ያላየ አንባቢ የዳንሰኛውን ብቃት የሚለካው ፖሊሱና ፖስተኛው በወደቁት ልክ ነው። ሐያሲው ራሱን መሬት ላይ ጥሎ ዳንሰኛውን ከፍ አደረገው። ወጣት ሳለሁ ለአንድ ጋዜጣ የኮንሰርት ዘገባ እጽፍ ነበር። «መድረኩን ተቆጣጥሮት አመሸ»፣ «ታዳሚውን እጁን በአፉ አስጫነ» የሚሉትን ሐረጎች እንደ ሚጥሚጣ ነበር የምነሰንሳቸው። የዘፋኙን ስም ብቻ ቀይሬ ያንኑ ዘገባ ደግሜ ባወጣው የሚነቃብኝ አልነበረም። የፊትዝሮይ አደባባዩን ጽሑፍ ያገኘሁት ከዚያ በኋላ ነው፤ ከልቤ አፈርኩ።

ሐያሲው ጆርጅ በርናርድ ሾው ነው። ዓለም በተውኔቶቹና በ1925ቱ (እ.ኤ.አ.) የኖቤል ሽልማት ያውቀዋል። ከዚያ በፊት ግን በሙዚቃ ሒስ እንጀራውን ይበላ ነበር፤ መጀመሪያ «ዘ ስታር» ላይ፣ ከ1890 እስከ 1894 ደግሞ «ዘ ወርልድ» ላይ። «ዘ ስታር» ላይ የሚፈርመው «ኮርኖ ዲ ባሴቶ» በሚል ስም ነበር። ሲሰሙት የአንድ የውጭ አገር መስፍን ማዕረግ ይመስላል፤ እሱም የመረጠው ስለዚሁ ነው። የክላሪኔት ዘመድ የሆነ፣ ሞዛርት በሬኩዬሙ ውስጥ የተጠቀመበት የትንፋሽ መሣሪያ ስም መሆኑን የሚያውቅ ጥቂት ነው። ሾው ራሱ ስሙን ሲወስድ የመሣሪያውን ድምፅ ሰምቶት አያውቅም። በኋላ ሲሰማው ጨፍጋጋ ሆኖ አገኘው፤ ሰይጣን ራሱ ቢነፋው ፈገግ ሊያሰኘው እንደማይችል ጽፏል።

ጆሮው የተቀረጸው ደብሊን ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1856 የተወለደባት ከተማ። እናቱ ዘፋኝ ነበረች። ጆርጅ ሊ የሚባል የድምፅ መምህርና የሙዚቃ መሪ ከቤተሰቡ ጋር አንድ ቤት ይኖር ስለነበር ልምምዱ ሁሉ ልጁ አጠገብ ነው የሚካሄደው። ሾው ገና ታዳጊ ሳለ ታላላቅ ድርሰቶችን ከመነሻቸው እስከ መድረሻቸው ያፏጭ ነበር። ትምህርት ቤት አላስተማረውም፤ በሰው ዜማ መሀል አደገ፣ ያው የደብተራ ልጅ ድጓውን ከአባቱ ማሕሌት እንደሚለቅመው ማለት ነው።

ከዚያ ሊ ወደ ለንደን ሄደ፤ እናትየዋም እ.ኤ.አ. በ1873 ተከተለችው። ቤቱ ዝም አለ። ልጁ ሙዚቃ ሲርበው ፒያኖ በራሱ ሊማር ተነሣ። መጽሐፍ ገዝቶ፣ የትኛው ቁልፍ የትኛው ኖታ እንደሆነ ከሥዕሉ አይቶ፣ ጣት ማፍታቻ መልመጃውን ሁሉ ዘሎ በቀጥታ የሞዛርትን «ዶን ጆቫኒ» መክፈቻ ዘረጋ። የመጀመሪያው ኮርድ ዲ ማይነር ነው። ጣቶቹን በየቦታቸው አስቀምጦ እስኪጨርስ አሥር ደቂቃ እንደፈጀበት ከስንት ዓመት በኋላ ጽፏል። ሲመታው ግን ድምፁ ልክ ሆኖ ወጣ፤ ድካሙንም ከነወለዱ ከፈለው። የሾው ሒስ ከሌላው የሚለይበትን ነገር የማገኘው እዚህ አሥር ደቂቃ ውስጥ ነው። ሌሎቹ ባልደረቦቹ ሙዚቃን የተማሩት ከመልመጃ ተነሥተው ነው፤ እሱ ከዶን ጆቫኒ ፍርሃት ተነሥቶ ወደ ቁልፎቹ ወረደ። ስለዚህም የሙያ ቋንቋው አያስፈራውም፣ አያስመካውምም።

ይህ ጎልቶ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1893 «ዘ ወርልድ» ላይ ባወጣው ጽሑፍ ነው። በዘመኑ ኮንሰርት የሚገባ ሰው የሚታደለው በራሪ ጽሑፍ ዋናው ዜማ በዚህ ቅኝት ተነሣ፣ ወደዚያ ተሻገረ፣ ከባሱ ተቀበለ እያለ የሚዘረዝር ነበር። ሾው ይህን ዘዴ ወስዶ ሃምሌት መሞትና መኖርን የሚያመዛዝንበት ዝነኛ ንግግር ላይ ጫነው። ልዑሉ ምን እንዳሰበ አንዲት ቃል አይነግረንም። የሚነግረን ደራሲው መቅድም ሳያበዛ ጉዳዩን በንዑስ አንቀጽ እንደከፈተ፣ አጭር መሸጋገሪያ እንዳስከተለ፣ ንዑስ አንቀጹ በአሉታ ተመልሶ እንደመጣ ነው። ቀጥሎ ሁለት ነጥብ ላይ ደረስን ይላል። ከዚያም አጽንዖቱ ተውላጠ ስም ላይ ያረፈ ሐረግ ተከትሎ ወደ መጀመሪያው አራት ነጥብ ያደርሰናል። እዚህ ላይ ሰዋስዌ አለቀብኝ ብሎ ያቆማል።

ማቆሚያው ቦታ ላይ ነው የሰውየው እጅ የሚታየው። አንድ ዓረፍተ ነገር ቢጨምር ቀልዱ ይንዛዛል፤ አንድ ቢቀንስ ደግሞ አንባቢው ስድብ ብቻ ይቀርለታል። ሾው ቀልዱን እንደተወ፣ ሥነ ጽሑፍ ሐያሲ እንዲህ ቢጽፍ ሐኪሞች መርምረውት አማኑኤል የሚወሰድ ከሆነ፣ የሙዚቃው ለምን በዚሁ ይከበራል ብሎ ይጠይቃል (የሱ አማኑኤል ቤድላም ይባላል)። በኛም ቅኔ ቤት ግስ መቁጠር ሙያ ነው፤ ግን ሰሙን ፈትቶ ወርቁን ሳያሳይ የተነሣ መምህር ተማሪው ነገ አይመለስለትም። ሾው ጽሑፉን መስማት የተሳናቸው የአክሲዮን ደላሎች እንኳ እንዲያነቡት አድርጎ እንደሚጽፍ ይመካ ነበር። ጉራ ነው፤ ግን ጉራውን ይችለዋል።

ስሕተቱም እንደ ችሎታው ነው። ብራምስን አልሰማውም። የጀርመን ሬኩዬሙን ደጋግሞ ተሳልቆበታል፤ ስላቁ ዛሬም ያስቃል፣ ፍርዱ ግን ጨርሶ ከመስመር የወጣ ነው። የሚገርመው በኋላ ያደረገው ነው። የ«ዘ ስታር» ጽሑፎቹ እ.ኤ.አ. በ1937 በመጽሐፍ ሲወጡ ብራምስን ያጣጣለበትን አንድ ክፍል አልሰረዘውም። ከሥሩ የግርጌ ማስታወሻ አኖረበት፤ ችኩልና ጅል አስተያየት ነበር ብሎ። ማስታወሻው ግን ይቅርታ ብቻ አይደለም። ብዙ የሚያውቅ ሐያሲ በአዲሱ ሥራ ውስጥ ዘመኑ በሙሉ የሚጋራውን ነገር ቶሎ ይለያል፤ የደራሲው የራሱ የሆነው ቀለም ግን በዚያው ያመልጠዋል ይላል። የገዛ ጥፋቱን ከፈተና እንዴት እንደሚሠራ አሳየ፤ ሰዓት ሠሪ የተበላሸ ሰዓት ከፍቶ የትኛው ጥርስ እንዳለቀ እንደሚያሳይ። ከሒሱ ሁሉ በዕደ ጥበብ ጠቢብ ሆኖ የማገኘው እዚህች ትንሽ ፊደል ላይ ነው።

አንድ ነገር ግን ለአማርኛ አንባቢ ሳልነግር ባልፍ ራሴን እታዘበዋለሁ። እ.ኤ.አ. በ1935 ጣሊያን አገራችንን ስትወር ይህ ሰው ለሙሶሊኒ አድልቶ ጽፏል፤ ወረራውን ሥልጣኔ እንደማስገባት አድርጎ። ስለ ብራምስ ያ ማስታወሻ ያለበት መጽሐፍ የወጣው አዲስ አበባ የካቲት 12ን ባየችበት ዓመት ነው። ይህን ሳስብ መጽሐፉን ዘግቼ ወደ መደርደሪያ የመለስኩበት ጊዜ አለ። ሳምንት፣ አሥራ አምስት ቀን ይቆያል እዚያ። ከዚያ የፊትዝሮይ አደባባዩ ወተት አመላላሽ ትዝ ይለኛል። መጨረሻ ላይ እግሩ ተሰብሮ ሌሎቹ ሦስቱ ተሸክመው ሐኪም ቤት ያደረሱት። ብቻዬን እየሳቅሁ መጽሐፉን አወርደዋለሁ።