መጽሐፈ ሄኖክና የዘመኑ የሰማይ ምርምር

መጽሐፍን ማክበር አንድ ነገር ነው፤ መጽሐፍን መርምሮ ማንበብ ደግሞ ሌላ ነገር ነው። ሁለቱ ሲለያዩ መጽሐፉም አንባቢውም ይጎዳሉ። የኢትዮጵያ የመጀመሪያዋ ሳተላይት ኢ.ቲ.አር.ኤስ.ኤስ.-1 ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ከቻይና ምድር ከመጠቀች ወዲህ፣ ስለ ጠፈር በተነገረ ቍጥር አንድ አባባል ይደጋገማል፤ ይኸውም «ይህ ሁሉ ጥበብ በመጽሐፈ ሄኖክ ተጽፎልን ነበር፤ ፈረንጆች ከእኛ ወሰዱት» የሚል ነው። አባባሉ ለጆሮ ይጣፍጣል፤ ነገር ግን ሊመረመር ይገባዋል።

መጽሐፉ ወደ ውጭ መሄዱ እውነት ነው። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ በ1762 ዓ.ም. የሊማሊሞን ዳገት ወጥቶ፣ በደባርቅ በኩል አልፎ ጎንደር ገባ፤ ሲመለስም የሄኖክን መጽሐፍ ሦስት ቅጂ ይዞ፣ በአውሮፓ አቈጣጠር በ1773 አውሮፓ ደረሰ። ነገር ግን ይኸው ሰው ሊማሊሞን ሲወጣ የከዋክብትን ከፍታ የሚለካበትን መሣሪያ አስጭኖ ነበር። ኒውተንም የስበትን ሕግ የገለጠበት መጽሐፍ በ1687 ታትሞ ነበርና፣ ሄኖክ ባሕር በተሻገረ ጊዜ 86 ዓመት ሆኖት ነበር። እንግዲህ የኋላው ለፊተኛው ምንጭ ሊሆን እንዴት ይችላል?

ወደ መጽሐፉ ቃል እንመለስ ቢባል፣ ስለ ብርሃናት የሚናገረው ክፍል በውጭ ሊቃውንት አከፋፈል ከምዕራፍ 72 እስከ 82 ያለው ነው። በዚያም ፀሐይ በምሥራቅ ካሉት 6 ኆኅት ወጥታ በምዕራብ ወዳሉት 6 ኆኅት ትገባለች። በስሜን ተራራ ግርጌ ኖሮ የፀሐይን መውጫ በየወሩ የተመለከተ ሰው፣ መውጫዋ ከጫፍ ወደ ጫፍ ሲሄድና ሲመለስ ያያልና፣ ይህ የመጽሐፉ ነገር ከትጉህ ዓይን የመነጨ መሆኑን ያስተውላል። ይሁን እንጂ መጽሐፉ ዕለቱን በ18 ክፍል ከፍሎ፣ ረጅሙን ቀን 12 ክፍል፣ ሌሊቱን 6 ክፍል ያደርገዋል፤ ይህም በዛሬ ሰዓት የ16 ሰዓት ቀንና የ8 ሰዓት ሌሊት ነው። በደባርቅ ግን ረጅሙ ቀን ከአጭሩ ቀን የሚበልጠው በአንድ ሰዓት ተኩል ያህል ብቻ ነው። የዓመቱንም ቀን መጽሐፉ 364 ይላል።

ይህ ለመጽሐፉ ነቀፋ፣ ለቤተ ክርስቲያንም እፍረት አይደለም። አባቶች ሄኖክን ከቅዱሳት መጻሕፍት ቈጥረው ሲያከብሩት፣ ዓመቱን ግን በ365 ቀን ቈጠሩ፤ በየ4 ዓመቱም ጳጉሜን 6 አደረጉ። የባሕረ ሐሳብ ተማሪም ወንበሩን በ11 አባዝቶ፣ በ30 ገድፎ አበቅቴን ሲያወጣ፣ የሚታመነው በሒሳቡ እንጂ በፉከራ አይደለም። እንግዲህ የቀደሙት ያወረሱን «ሁሉን አውቀን ጨርሰናል» የሚል ቃል ሳይሆን፣ እያከበሩ የመመርመር ልማድ ነው። ፉከራውን የሚያስተምር ግን ልጁን ሁለት ጊዜ ይበድለዋል፤ ልጁ አድጎ ሒሳቡን ባየ ጊዜ ሳይንሱን ሳያገኝ መጽሐፉን ይንቃልና።

የጠፈር ሥራ የወደፊት ዕጣም በዚሁ ይለካል። ያቺ ሳተላይት ክብደቷ 70 ኪሎ ያህል፣ የታሰበላትም የሥራ ዘመን 2 ዓመት ነበር፤ የወጪዋን አብላጫ የቻለችው ቻይና ናት፤ የምትቈጣጠራት ጣቢያ በእንጦጦ ቆመ። የተሠራችውም እርሻን፣ ውሃንና ደንን ከላይ ሆና ለማየት ነው። ሁለተኛዋም ታኅሣሥ 13 ቀን 2013 ዓ.ም. ተከተለች። ሳተላይት ዘመኗ ሲፈጸም ታልፋለች፤ ሥዕሉን አንብቦ የሚተረጕም ሰው ግን ይቀራል። የዳባት ገበሬ የገብስ ማሳው አፈር በየክረምቱ በጎርፍ ሲታጠብበት፣ ከሰማይ የተነሣው ሥዕል እርከን የሚሠራበትን ቦታ በሚገባው ቋንቋ ካልነገረው፣ መምጠቋ ለእርሱ ምን ረባው? ስለዚህ መንግሥት ለማምጠቂያ የሚመድበውን ያህል፣ ለደባርቅና ለዳባት ተማሪ ቤቶች መምህርና መማሪያ ሊያስብ ይገባል።

ሄኖክ ስለ ብርሃናት በሚናገረው ክፍል ፍጻሜ ያየውንና የጻፈውን ለልጁ ለማቱሳላ ሰጥቶ ለትውልድ እንዲያስተላልፍ ያዝዘዋል። ሰማይን ያየ ሰው ያየውን ካላስተማረ፣ ማየቱ ከእርሱ ጋር ይሞታል። የመጽሐፉ ትልቁ ትምህርት ይህ ነው፤ ዛሬም አልተሻረም።