ጭሰኛ ሠዓሊና ባለርስት ሠዓሊ

ሥዕል የሚስል ሰው ሥራውን ከጨረሰ በኋላ አንድ ሌላ ጭንቀት ይጠብቀዋል፤ ይኸውም ሥዕሉን የት ሰቅሎ ለማን ያሳየዋል የሚለው ነው። በቀድሞ ዘመን ይህን የሚወስንለት ቤተ ክርስቲያኑ፥ መኰንኑ ወይም ባለገንዘቡ ነበር። ዛሬ ግን አብዛኛው ወጣት ሠዓሊ ሥራውን የሚሰቅለው ኢንስታግራምን በመሳሰለ የማኅበራዊ መገናኛ ሰሌዳ ላይ ነው። ዋጋ አይከፍልበትም፤ ተመልካቹም ብዙ ነው። ይህን ሁሉ ትቶ በገዛ እጁ በሠራው ድረ ገጽ ላይ ብቻውን የሚቀመጥ ሠዓሊ ሲገኝ ሰው ይገረማል፤ አንዳንዱም ኰርቷል ይለዋል። እኔ ግን ከእንዲህ ያሉት ሠዓሊዎች የሚበዙት ልክ ናቸው፥ ጥቂቶቹ ግን ራሳቸውን አታለዋል እላለሁ።

አባቶቻችን ጭሰኛ ይሉት የነበረው ሰው ያርስ፥ ይዘራና ያጭድ ነበር፤ ባለመሬቱ ግን በፈለገው ጊዜ ተነሥ ሊለው ይችል ነበር። በሰው ሰሌዳ ላይ የሚሠራ ሠዓሊም ከዚህ አይሻልም። ኢንስታግራም በ2010 ዓ. ም. ሲጀመር (ዘመኑን የምቈጥረው እንደ አውሮፓ ነው) ሥዕሎቹ የሚታዩት በወጡበት ሰዓት ተራ ነበር፤ በ2016 ግን ባለቤቶቹ ተራውን ለውጠው፥ ተመልካቹ ይወደዋል ብለው የገመቱትን ወደ ፊት ማውጣት ጀመሩ። ሠዓሊውን ማንም አላማከረውም። ማይስፔስ የሚባለው ደግሞ ዕቃውን ከአንድ ኮምፒውተር ወደ ሌላ ሲያዛውር፥ ከሦስት ዓመት በፊት የተቀመጡት ዜማዎች፥ ፎቶግራፎችና ፊልሞች እንደ ጠፉ በ2019 ታወቀ። ሌላ ቅጂ ያላስቀረ ሙዚቀኛ የወጣትነት ሥራውን እዚያው ቀበረ። በአገራችንም፥ በኛ አቈጣጠር በ2015 ዓ. ም. ከየካቲት እስከ ሐምሌ ፌስቡክ፥ ቴሌግራምና ቲክቶክ በታገዱ ጊዜ፥ ሥራው በእነርሱ ላይ ብቻ የነበረ ሰው (በስውር መንገድ ከሚገባው ተመልካች በቀር) አምስት ወር ሙሉ ሱቁ እንደ ታሸገበት ነጋዴ ሆኖ ነበር።

በ2024 ዓ. ም. የኢንስታግራም ባለቤት የሆነው ሜታ፥ በአደባባይ የወጡትን ሥዕሎች ለሰው ሠራሽ አእምሮ ማስተማሪያ እንደሚያደርጋቸው በተሰማ ጊዜ፥ ብዙ ሠዓሊዎች ተቈጥተው ካራ ወደሚባል ሌላ ሰሌዳ ጐረፉ። ይህን ያቋቋመችው ጂንግና ዣንግ የተባለች ፎቶግራፍ አንሺ ናት። በአንድ ሳምንት ውስጥ ተጠቃሚው ከ40,000 ወደ 650,000 ገደማ አሻቀበ፤ የኮምፒውተሩም ኪራይ ሒሳብ ከ96,000 የአሜሪካ ዶላር በላይ ሆኖ መጣባት። የሴትዮዋን ቅን ልብ አመሰግናለሁ። ነገር ግን የጐረፉት ሰዎች ጌታ ለወጡ እንጂ ከጭሰኝነት አልወጡም፤ ነጻ የሚመስለውን ቤት አንድ ሰው ይከፍልለታልና፥ ከፋዩ የደከመው ቀን በሩ ይዘጋል። የራስ ድረ ገጽም ቢሆን ሥዕል ከሚለቅሙት መኪናዎች ፈጽሞ አያድንም፤ ያድናል የሚል ቢኖር አትመኑት።

ታዲያ የራስ ገጽ ጥቅሙ ምንድን ነው? የሩሲያዊቷን የኦልያ ልያሊናን ሥራ ተመልከቱ። በ1996 ዓ. ም. የሠራችው ይህ ሥራ ስሙ ወደኛ ቋንቋ ሲመለስ «ፍቅረኛዬ ከጦርነት ተመለሰ» ማለት ነው። ገጹ ጥቁር ነው፤ ፎቶግራፎቹም ቀለም የላቸውም። ተመልካቹ በተጫነ ቍጥር ገጹ ይከፈላል፤ የተከፈለውም እንደ ገና ይከፈላል፤ በየክፍሉም የሁለቱ ፍቅረኞች ንግግር ተሰባብሮ ይወጣል። ይህን የተናገረው እርሱ ነው ወይስ እርስዋ ብሎ የሚያጠራጥር ጊዜ አለ። ወደ መጨረሻው ቃሉ ያልቅና ጥቁር ሣጥኖች ብቻ ይቀራሉ። እኔ ካየኋቸው ስለ ጦርነት ከተሠሩ ሥራዎች ውስጥ፥ ከዘማቹ ጋር አብሮ ቤት የሚገባውን ዝምታ እንዲህ አድርጎ ያሳየኝ ጥቂት ነው።

ልያሊና ይህን የሠራችው ከማንም ሸሽታ አይደለም፤ ፌስቡክ የተወለደው ከስምንት ዓመት በኋላ ነውና። ቢሆንም ሥራው በዛሬዎቹ ሰሌዳዎች ላይ ሊኖር አይችልም ነበር። በዚያ ሥዕል ሁሉ በአንድ ልክ ሣጥን ይገባል፤ ከሥሩ የወደዱት ሰዎች ቍጥር ይጻፋል፤ ከላይ የሌላ ሰው ሠርግ፥ ከታች የሳሙና ማስታወቂያ ይከብበዋል። በእርስዋ ገጽ ግን ባዶው ስፍራ ራሱ የሥራው ክፍል ነው፤ ተራውንም ፍጥነቱንም የወሰነችው እርስዋ ናት። እስከ ዛሬም በራስዋ አድራሻ ይገኛል። አንድ ነቀፌታ አለኝ፤ ሣጥኖቹ እየጠበቡ ሲሄዱ በስልክ መስታወት ላይ ለማንበብ ያስቸግራሉ።

ራሳቸውን አታለዋል ያልኋቸው ደግሞ ድረ ገጻቸውን ከሠሩ በኋላ በደጃፉ የጐብኚ መቍጠሪያ የሚተክሉት፥ ሥዕላቸውንም በወደደው ሰው ብዛት የሚደረድሩት ናቸው። ገበያውን ጥለው ወጥተው በጓሮአቸው ገበያ አቆሙ። ስለ መልቀቃቸው በየሳምንቱ የሚጽፉ፥ አዲስ ሥዕል ግን የማያሳዩም አሉ።

ድሀ ሠዓሊ ገዢውን ከየት ያመጣል የሚለኝ ሰው አለ። ይህ የዋዛ ተቃውሞ አይደለም። እንጀራውን ከሰሌዳው ላይ የሚያገኝ ሰው ነገ ጠዋት ለቅቆ ይራብ አልልም፤ ሰሌዳውን የመንገድ ምልክት ያድርገው፥ ሥራውን ግን በራሱ ቤት ያኑር። ወጪው ለአድራሻው ስም በዓመት የሚከፈለው ገንዘብና የኮምፒውተር ኪራይ ነው፤ በዶላር መክፈል ያልቻለ የኢትዮጵያን መለያ የያዘ አድራሻ ከኢትዮ ቴሌኮም ሊጠይቅ ይችላል። ርስትም ግብር ነበረበት፤ ለስሙ ያልከፈለ ስሙን ያጣል። ኪራዩ ቢከብደው ግን አድራሻው ሳይለወጥ ዕቃውን ሁሉ ይዞ ወደ ሌላ አከራይ ይሄዳል፤ ይህን ጭሰኛው አይችልም። ገጹ የሚጻፍበትን ኤችቲኤምኤል ትዕግሥት ያለው ወጣት በጥቂት ሳምንት ይለማመደዋል። ለመጀመሪያው ቀን አንድ ሥዕልና የሠዓሊው ስም ይበቃል። በመጀመሪያው ወር ሦስት ሰው ቢጐበኘው አይደንግጥ፤ ከሦስቱም አንዷ እናቱ ትሆናለች።