ጉድፍና ስቴሮይድ፦ ለእንፍራንዝ ያልተጻፈው ምክር

ጉድፍ በሕክምና ትምህርታችን ብዙ ቦታ የሚሰጠው በሽታ አይደለም። ሕፃናትን የሚይዝ፣ በራሱ ጊዜ የሚለቅ ተብሎ ይታለፋል። ለአብዛኛው ሕፃን ይህ እውነት ነው፤ ፕሬድኒሶሎን በከፍተኛ መጠን ለሚወስድ ሰው ግን አይደለም። ኮርቲሶን እ.ኤ.አ. በ1948 ለመጀመሪያ ጊዜ ለመገጣጠሚያ ብግነት ታካሚ ከተሰጠ በኋላ ብዙም ሳይቆይ፣ በ1950ዎቹ፣ መድኃኒቱን እየወሰዱ ጉድፍ የያዛቸው ሕፃናት ስለ መሞታቸው ዘገባዎች መውጣት ጀምረዋል። በእነዚህ ታካሚዎች ቫይረሱ ከቆዳ አልፎ ወደ ሳንባ፣ ወደ ጉበትና ወደ አንጎል ይዘልቃል። በአንዳንዶቹ ሽፍታው ከመታየቱ በፊት ብርቱ የሆድ ወይም የጀርባ ሕመም ይቀድማል፤ ሐኪሙም ሌላ በሽታ ሲፈልግ ጊዜው ያልፋል።

ጸሐፊው የሚተቸው ይህንን እውቀት አይደለም። ትችቱ የሚያርፈው የምንማርባቸው መጻሕፍት ምክሩን በሚያቀርቡበት ቅደም ተከተል ላይ ነው። በአብዛኛው በመጀመሪያ የሚመጣው የደም ፀረ እንግዳ አካል ምርመራ ነው፤ ቀጥሎ ከተጋላጭነት በኋላ በ96 ሰዓት፣ ቢዘገይ በ10 ቀን ውስጥ የሚሰጠው የቫሪሴላ ኢሚዩኖግሎቡሊን መርፌ ይመጣል። ለታካሚው አስቀድሞ መነገር ያለበት ነገር መጨረሻ ላይ በአንድ መስመር ይጠቀሳል።

ይህን ምክር ይዘን እንፍራንዝ እንውረድ። ከተማይቱ ከጎንደር ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ ያለች ናት። በዙሪያዋ ካለ ቀበሌ የመጣ አንድ ገበሬ የሥጋ ደዌ ሪአክሽን ተገኝቶበት በቀን 40 ሚሊግራም ፕሬድኒሶሎን ተጀመረለት እንበል፤ መጠኑ በየጊዜው እየቀነሰ ለሳምንታት የሚወሰድ ነው። በቀን 20 ሚሊግራምና ከዚያ በላይ ለሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ የሚወስድ ሰው ለከባድ ጉድፍ የተጋለጠ ተደርጎ ስለሚቆጠር ገበሬው ያለ ጥርጥር ከዚህ ወገን ነው። በኔፍሮቲክ ሲንድሮም የታመመ ሕፃንም እንዲሁ። የሚነፋ ወይም በቆዳ የሚቀባ ስቴሮይድ ግን ይህን ሥጋት አያመጣም።

ገበሬው ቤቱ ሲገባ ጎረቤቱ «እንኳን እግዚአብሔር ማረህ» ሊል ይመጣል፤ እናቶች ሕፃናቶቻቸውን አዝለው ይመጣሉ። መጻሕፍቱ «በአንድ ክፍል ውስጥ ለ15 ደቂቃ መቆየት» የሚሉት መለኪያ፣ ቡና እስከ ሦስተኛ በሚጠጣበት ባለ አንድ ክፍል ቤት ውስጥ መለኪያ መሆኑ ይቀራል። ጉድፍ የያዘው ሕፃን ደግሞ ሽፍታው ከመውጣቱ ከአንድ እስከ ሁለት ቀን አስቀድሞ ያስተላልፋል። ስለዚህ «ከታመመ ሰው ራቅ» የሚለው ምክር ብቻውን አይበቃም።

«ጉድፍ ይዞህ ያውቃል?» የሚለው ጥያቄም ቀላል መስሎ ይታያል እንጂ ቀላል አይደለም። ብዙ ቤተሰብ ሽፍታን ሁሉ «ኩፍኝ» ይላልና። «ውሃ የቋጠረ፣ አንዱ ሲደርቅ ሌላው የሚወጣ» ብሎ መጠየቅ ይሻላል። እ.ኤ.አ. በ1971 በአገራችን በተጀመረው የፈንጣጣ ማጥፋት ዘመቻ ጉድፍን ከፈንጣጣ መለየት የመስክ ሠራተኛው የዕለት ሥራ ነበር። የመጨረሻው የፈንጣጣ ሕመምተኛ በ1968 ዓ.ም. መጨረሻ ከተገኘ ወዲህ ግን ያ የጥያቄ ጥበብ የተረሳ ይመስላል። አዋቂ ሁሉ በልጅነቱ ጉድፍ ወጥቶለታል የሚለው ግምትም ከመካከለኛ አየር ንብረት አገሮች የመጣ ነው፤ በሞቃት አገሮች ብዙዎች በሽታው ሳይዛቸው ለአቅመ አዳም ይደርሳሉ።

ኢሚዩኖግሎቡሊኑ በእንፍራንዝ ጤና ጣቢያ የሚጠበቅ ነገር አይደለም። ደግነቱ ሳይንሱ ራሱ ወደ እኛ ቀርቧል። ብሪታንያ እ.ኤ.አ. ከ2022 ጀምሮ ለአብዛኞቹ ተጋላጮች በመርፌው ፈንታ አሲክሎቪርን ወይም ቫላሲክሎቪርን አስቀድማለች። ለአዋቂ 800 ሚሊግራም አሲክሎቪር በቀን አራት ጊዜ፣ ከተጋላጭነቱ ሰባተኛ ቀን ጀምሮ ለአንድ ሳምንት ይሰጣል። አሲክሎቪር ለእኛ እንግዳ መድኃኒት አይደለም። እንግዳ የሆነብን ሽፍታ ያልወጣበትን ሰው ማከም ነው። ሽፍታው ከወጣ ግን ነገሩ ይለወጣል፤ ታካሚው በደም ሥር አሲክሎቪር ወደሚሰጥበት ሆስፒታል በዚያው ዕለት መላክ አለበት።

አንድ ነገር ማንም ሳይዘነጋው ሊጻፍ ይገባል። ታካሚው ጉድፍን ፈርቶ ስቴሮይዱን በድንገት ቢያቆም፣ በመድኃኒቱ የደከሙት አድሬናል ዕጢዎች ሰውነቱን ሊደግፉት ስለማይችሉ ከጉድፉ ያላነሰ አደጋ ላይ ይወድቃል። መጠኑን መወሰን የሐኪሙ ሥራ ነው።

የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ እ.ኤ.አ. በ1954 ሲከፈት ከምክንያቶቹ አንዱ ባለፈው ዓመት በደምቢያ ሜዳ የተነሣው የወባ ወረርሽኝ ነበር፤ ጤና መኮንኖችም የሠለጠኑት በጤና ጣቢያ ባለው ነገር እንዲሠሩ ነው። በዚያ መንፈስ የሚጻፍ ምክር ከመርፌው አይጀምርም፤ ክኒኑ ከመታዘዙ በፊት ከሚቀርበው ጥያቄ ይጀምራል። በብሪታንያ ስቴሮይድ የሚወስድ ሰው በሚይዘው ሰማያዊ ካርድ ላይ የጉድፍ ማስጠንቀቂያ አለበት። እኛ ካርድ እስኪታተም መጠበቅ አያስፈልገንም፤ በመድኃኒቱ ፖስታ ጀርባ ላይ በአማርኛ ይህን መጻፍ ይቻላል፦ «ይህን መድኃኒት ሲወስዱ ጉድፍ የወጣበት ሰው ቤትዎ ከገባ ወይም እርስዎ ቤቱ ከገቡ፣ ሽፍታ እስኪወጣብዎ ሳይጠብቁ ጤና ጣቢያ ይምጡ። መድኃኒቱን በራስዎ አያቋርጡ።» ማንበብ ለማይችለውም ልጁ ያነብለታል። ጤና ጣቢያ ሲመጣ የተጋለጠበት ቀን በካርዱ ላይ ይመዝገብ፤ ሰባተኛው ቀን የሚቆጠረው ከዚያ ነውና።