የጥናት ጽሕፈት ኃይለ ቃል

በዚህ ዘመን በከፍተኛ ትምህርት ቤት የሚማር ሰው ከመመረቁ አስቀድሞ የጥናት ጽሕፈት እንዲያቀርብ ይታዘዛል። ትእዛዙ መልካም ነው። ነገር ግን ከሚጻፉት ብዙዎቹን አንብቦ የጨረሰ ሰው፥ ጸሐፊው ምን አለ ተብሎ ቢጠየቅ፥ «ስለ እንዲህ ያለ ነገር ጻፈ» ይላል እንጂ «እንዲህ አለ» ብሎ ለመመለስ ይቸገራል። ስለ ነገር መጻፍ ሌላ ነው፤ ነገርን መናገርም ሌላ ነው። ዛሬ የምንነቅፈው ጕድለት ይህ ነው።

ሰባኪ ስብከቱን የሚያቆምበትን ቃል ኃይለ ቃል እንለዋለን። የጥናት ጽሕፈትም እንዲሁ የሚቆምበት ቃል ያስፈልገዋል። ይኸውም ጸሐፊው መርምሮ የደረሰበትንና በማስረጃ ሊያጸናው የሚሻውን አሳብ በአንድ ወይም በሁለት ዐረፍተ ነገር አጠቃሎ የሚናገርበት ነው። አርእስት ግን ኃይለ ቃል አይደለም። አርእስት የሚሄዱበትን አገር ይነግራል፤ ኃይለ ቃል እዚያ ደርሶ የተገኘውን ይነግራል።

ባለፈው በጋ በኦሞ ወንዝ ዳር ባለችው በኦሞራቴ ከተማ ሳለሁ፥ አንድ የዳሰነች ተወላጅ ተማሪ ጽሕፈቱን ይዞ መጣና «የኔታ፥ እስቲ ይመልከቱልኝ» አለኝ። አርባ ገጽ ያህል ነው። በመግቢያው ላይ «የኦሞ ወንዝ ለዳሰነች ሕዝብ ብዙ ጥቅምና ብዙ ጉዳት አለው» የሚል ተጽፎበታል።

«ልጄ፥ ይህን ነገር ሐሰት ነው የሚል ሰው ታውቃለህን?» አልሁት።

«ማንም አይልም፥ የኔታ» አለኝ።

«እንግዲያስ አርባ ገጽ የጻፍኸው ማንን ለማስረዳት ነው?» ብለው ዝም አለ።

ልጁን ብቻ መንቀፍ አይገባም፤ እንዲህ ያለውን አጻጻፍ ከእኛ ከታላላቆቹ ተምሮታል። የአንድምታ ትምህርት አንዱን ቃል በብዙ መንገድ መፍታትን ያስተምራል። ይህ ለመጻሕፍት ትርጓሜ ታላቅ ሀብት ነው። ተማሪው ግን ልማዱን ብቻ ይዞ ወደ ጥናቱ ሲመጣ፥ አንዱ ሊቅ እንዲህ አለ፥ አንድም ሌላው እንዲህ አለ እያለ የሰው ቃል ይሰበስብና ራሱ ሳይፈርድ ይወጣል። የሌሎችን ቃል መሰብሰብ ለምርመራ መግቢያ ነው፤ ኃይለ ቃል ግን ከአንድም ሁሉ በኋላ የሚሰጥ ፍርድ ነው። ፍርድ የሌለበት ጽሕፈት ምስክሮቹን ሁሉ ሰምቶ ሳይፈርድ እንደ ተነሣ ዳኛ ነው፤ ባለ ጉዳዮቹም እንደ መጡ ይመለሳሉ።

የቅኔ ቤት ሥርዓት ግን ለዚህ ጕድለት መድኃኒት አለው። ተማሪው መጀመሪያ የሚቀኘው ጉባኤ ቃና ነው። እርሱም 2 ቤት ብቻ ስለ ሆነ ስንፍናን የሚሸሽጉበት ስፍራ የለውም። ቤቱ ቢመታ፥ ዜማው ቢሰምር እንኳ ምሥጢር ከሌለው መምህሩ አይቀበለውም። የጥናት ጽሕፈት የሚጀምር ሰውም አርባውን ገጽ ከመጻፉ በፊት አሳቡን እንደ ጉባኤ ቃና በሁለት መስመር ተናግሮ ለመምህሩ ቢያሳይ ብዙ ድካም በቀረለት ነበር። አንድ ልዩነት ግን አለ። በቅኔ ወርቁ በሰሙ ውስጥ ይሰወራል፤ በጥናት ጽሕፈት ግን ወርቁ ከመጀመሪያው ገጽ ተገልጦ መታየት ይገባዋል።

ጠንካራ ኃይለ ቃል ምን እንደሚመስል ለማየት ሩቅ አገር መሄድ አያሻም። ከኦሞራቴ በስተ ሰሜን በዚሁ በታችኛው ኦሞ ሸለቆ ኪቢሽ በሚባለው ስፍራ፥ በ1959 ዓ.ም. በሪቻርድ ሊኪ የሚመራ የመርማሪዎች ቡድን የጥንት ሰው አፅም አገኘ። ዕድሜውንም በመጀመሪያ 130,000 ዓመት ያህል ነው አሉ። በ1997 ዓ.ም. ሌሎች መርማሪዎች 195,000 ዓመት ያህል ነው ብለው ጻፉ። በ2014 ዓ.ም. ደግሞ ሦስተኞች ተነሥተው፥ አፅሙ ቢያንስ 233,000 ዓመት ያህል ዕድሜ አለው አሉ። ምክንያታቸውም ይህ ነው፤ አፅሙ ከተገኘበት አፈር በላይ የእሳተ ገሞራ ዐመድ ተነጥፏል፤ ያ ዐመድ በጠባዩ ከሻላ እሳተ ገሞራ ከወጣው ዐመድ ጋራ አንድ ነው፤ ሻላም ያን ዐመድ የተፋው ከ233,000 ዓመት ገደማ በፊት ነው፤ ከዐመዱ በታች ያለው አፅም ከዐመዱ ሊያንስ አይችልም። ይህ የዘመን ቍጥር ከአቡሻህር ቍጥር ጋራ ያለውን ነገር መመርመር ሌላ ጽሕፈት ይሻል፤ እዚህ የምንመለከተው የአነጋገራቸውን ሥርዓት ብቻ ነው።

አንባቢ ሆይ፥ ሥርዓቱን አስተውል። ስለ ሰው ዘር ሁሉ አልተናገሩም፤ ስለ አንድ አፅም ተናገሩ። «እጅግ ጥንታዊ ነው» ብለው አላለፉም፤ ቍጥር ሰጡ። «ቢያንስ» በማለታቸው የማያውቁትን እንደሚያውቁ አልሆኑም፤ ቍጥሩም 22,000 ዓመት ያህል ወዲህ ወይም ወዲያ ሊል እንደሚችል ራሳቸው ገለጡ። ከሁሉ ይልቅ፥ እንዴት እንደሚረቱ መንገዱን ለተከራካሪያቸው አሳዩ፤ ዐመዱ የሻላ እንዳይደለ የሚያስረዳ ቢመጣ ቃላቸው ይወድቃል። የሚረታበትን መንገድ የማያሳይ ቃል የሚጸናበትም መንገድ የለውም።

«ተማሪ ገና ሳይመረምር ፍርድ ቢናገር ምርመራው ለፍርዱ ባሪያ አይሆንምን?» የሚል ሰው ይኖራል። ጥያቄው የተገባ ነው። መልሱም፥ ኃይለ ቃል ሁለት ጊዜ ይጻፋል የሚል ነው። አስቀድሞ እንደ አሳብ ይጻፋል፤ ከምርመራ በኋላ እንደ ፍርድ ይታረማል። ማስረጃው አይሆንም ሲለው ቃሉን የማይለውጥ ሰው መርማሪ ሳይሆን ጠበቃ ነው። 130,000 ያሉት፥ 195,000 ያሉትም የኋለኞቹ ቢያሻሽሉባቸው አላፈሩም፤ ቃላቸው የጠራ ባይሆን ኖሮ የሚያርመው ባልተገኘ ነበር።

አሁን ወደ ኦሞራቴው ልጅ እንመለስ። የያዘው ነገር ቀላል አልነበረም። የዳሰነች ገበሬ ወንዙ ሞልቶ ሲመለስ በተወው ርጥብ አፈር ላይ ማሽላ ይዘራል። በነሐሴ 1998 ዓ.ም. ያው ወንዝ በድንገት ሞልቶ ከ300 በላይ ሰዎችን ገደለ። በታኅሣሥ 2009 ዓ.ም. 1,870 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው የግልገል ጊቤ 3 ግድብ ተመረቀ። ግድቡ ሙላቱን ይገታል ያሉ ነበሩ፤ ሙላቱን ከገታ እርሻውንም ይገታል ያሉም ነበሩ። ከ2012 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ ደግሞ ውኃው እየሞላ በዳሰነች ወረዳ ብዙ ሺህ ሰው አፈናቀለ። ይህን ሁሉ ያየ ልጅ «ጥቅምና ጉዳት አለው» ብሎ ቢያልፍ፥ ከቀየው የተነሣው ሰው ምን ይጠቀማል? ጽሕፈቱን ተቀብሎ የሚያነብ ሹምስ በምን ላይ ይቈርጣል?

ወጣቱም ነገሩ በገባው ጊዜ ወደ ሌላው ጠርዝ ሄደ፤ «ግድቡ ሕዝቡን አጠፋው» ብሎ ጻፈ። ይህ ቃል ይጮኻል እንጂ አይጸናም። የትኛውን ሕዝብ? በየትኛው ዓመት? ዝናሙና የቱርካና ሐይቅ መሙላትስ ምን ድርሻ አላቸው? ጩኸት ጥንካሬ እንዳይደለ ስነግረው ከብዙ መሰረዝ በኋላ እንዲህ አለ፤ «በኦሞራቴ ዙሪያ ባሉት ቀበሌዎች የማሽላን እርሻ ይበልጥ የጎዳው የውኃው ማነስ ወይም መብዛት ሳይሆን፥ ሙላቱ በለመደው ወር አለመምጣቱ ነው።»

ይህ እውነት ይሁን ሐሰት እኔ አላውቅም፤ እርሱም ገና አያውቅም። ነገር ግን አሁን የሚጠይቀውን ያውቃል። ከግድቡ በፊትና በኋላ ሙላቱ በየትኛው ወር እንደ መጣ፥ ማሽላው መቼ እንደ ተዘራና ምን ያህል እንደ ተሰበሰበ ሽማግሌዎቹንና የወረዳውን መዝገብ ይጠይቃል። ወሩ ሳይለወጥ እርሻው ጠፍቶ ቢገኝ ቃሉን ይሰርዛል።

ከአርባው ገጽ የሚተርፈው ስድስት ገጽ እንኳ እንደማይሆን ነገርሁት። አዝኖ ሄደ፤ በማግሥቱ ግን ደብተሩን ይዞ ወደ ወንዙ ዳር ሲወርድ አየሁት።