«ጥሎ» የተረሳበት ማለፍ

ከስፖርት ቃሎቻችን ውስጥ «ጥሎ ማለፍ»ን ያህል ነገሩን ሳይሸፋፍን የሚናገር ያለ አይመስለኝም። ሁለት ግሥ አጣምሮ ይዟል፤ አንዱ ይጥላል፣ ያው የጣለው ያልፋል። ያለፈ ሁሉ የጣለው አለ ማለት ነው። ይሁን እንጂ የዋንጫ ጨዋታ ከሜዳ ወጥቶ ወደ ወሬ፣ ከወሬም ወደ ጋዜጣና መጽሐፍ ሲሻገር ቃሉ መንገድ ላይ ይቆረጣል። «ማለፉ» ርዕስ ሆኖ በትልልቁ ይጻፋል፤ የተጣለው ግን የት እንደ ወደቀ የሚጠይቅ አይገኝም። የዚህ ሒስ ዒላማም ተጫዋቾቹ ወይም ጨዋታው ሳይሆኑ ይኸው አተራረካችን ነው።

ለዚህ ከካሌ የተሻለ ምሳሌ አላገኘሁም። ካሌ በሰሜን ፈረንሳይ፣ ከእንግሊዝ ትይዩ የምትገኝ የወደብ ከተማ ናት። የአገራችን ሰው ስሟን ይበልጥ የሚያውቀው ወደ እንግሊዝ ለመሻገር ያሰቡ ስደተኞች፣ ኢትዮጵያውያንና ኤርትራውያን ጭምር፣ በድንኳን ይኖሩበት በነበረውና እ.ኤ.አ. በ2016 በፈረሰው ሰፈር ነው። የእግር ኳስ ወዳጅ ግን በሌላ ነገር ያስታውሳታል። በ1999/2000 የውድድር ዘመን (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በአራተኛው ዲቪዚዮን ይጫወት የነበረው የካሌ የአማተር ክለብ፣ እንጀራቸውን በሌላ ሥራ የሚያገኙ ልጆች ይዞ፣ በአሠልጣኙ በላዲስላስ ሎዛኖ እየተመራ ለፈረንሳይ ዋንጫ ፍጻሜ ደረሰ።

ታሪኩ ሁልጊዜ የሚነገረው እንዲህ ነው። ካሌ በመጀመሪያ ሊልን ገጠመ፤ 1 ለ 1 ተለያይቶ በፍጹም ቅጣት ምት አሰናበተው። ካንንም በዚያው መንገድ ሸኘ። ሁለቱም ያኔ የሁለተኛው ዲቪዚዮን ክለቦች ነበሩ። በሩብ ፍጻሜ የአንደኛ ዲቪዚዮኑን ስትራስቡርግን 2 ለ 1 ረታ። በግማሽ ፍጻሜ ደግሞ የ1999ን የፈረንሳይ ሻምፒዮን ቦርዶን በተጨማሪ ሰዓት 3 ለ 1 አሸነፈ። ሜይ 7 ቀን 2000 በስታድ ደ ፍራንስ ከናንት ጋር ተገናኘ። በዤሮም ዱቲትር ግብ መርቶ ወደ እረፍት ወጣ። ከእረፍት መልስ አንቷን ሲቢዬርስኪ አቻ አደረገ፤ ጨዋታው ሊያልቅ ሲል በተሰጠ አከራካሪ ፍጹም ቅጣት ምት ያው ሲቢዬርስኪ ሁለተኛውን አገባ። ዋንጫው የናንት ሆነ።

ይህ ታሪክ ውብ መሆኑን አልክድም። ነገር ግን ገጾቹ የተነቀሉበት መጽሐፍ ነው። ከሊል በፊት፣ እንዲሁም በሊልና በካን መካከል፣ ሌሎች ጨዋታዎች ነበሩ። የፈረንሳይ ዋንጫ በሺህ የሚቆጠሩ ክለቦች የሚገቡበት ውድድር ሲሆን ታላላቆቹ የሚቀላቀሉት ታናናሾቹ እርስ በርሳቸው ተጣጥለው ካለቁ በኋላ ነው። አራተኛ ዲቪዚዮን ከላይ ሆነው ሲያዩት ምድር ቤት ነው፤ ከታች ሆነው ሲያዩት ግን ሰገነት ነው። እናም ካሌ ጉዞውን የጀመረው እንደ ትንሽ ሳይሆን እንደ ትልቅ ነበር። ካምፓኝ ሌ ኤዳን የተባለችውን የገጠር መንደር ቡድን ያሸነፈው 10 ለ 0 ነው። ሊልን ካሰናበተ በኋላም ዕጣው ያመጣለት ሌላ ኃያል አልነበረም። ከራሱ በታች ባለ ዲቪዚዮን የሚጫወተው ላንጎን ካስቴ ነበር፤ ከቦርዶ ወጣ ብሎ በጋሮን ወንዝ ዳር፣ በወይን ጠጅ አገር የሚገኝ የአማተር ክለብ። ውጤቱ 3 ለ 0።

እስቲ አንባቢ ያንን 3 ለ 0 ከላንጎን በኩል ሆኖ ይመልከተው። እዚያ የደረሱት እነሱም ሌሎችን ጥለው ነው። ከአገሪቱ ሁሉ 32 ቡድን ሲቀር ከ32ቱ አንዱ እነሱ ነበሩ። በማግሥቱ ወደየሥራቸው የሚመለሱ ሰዎች ናቸው። ከፊታቸው የቆመው ካሌ ደግሞ ለእነሱ የዕለቱ ባለ ጡንቻ ነው፤ ሊልን የጣለ፣ ስሙ መሰማት የጀመረ ቡድን። ታሪክ ለመሥራት የሚያስፈልገው ሁሉ በእጃቸው ነበር፤ የጎደላቸው ውጤቱ ብቻ ነው። በዚያም ምክንያት ከተረኩ ወጡ። የካሌ ጉዞ ሲተረክ ላንጎን በአንድ ሐረግ ይታለፋል፤ ብዙ ጊዜም ጨርሶ አይነሣም።

ለምን? ሴራውን ስለሚያበላሽ ነው። አንድ ገጸ ባሕርይ በምዕራፍ አንድ ብርቱ፣ በምዕራፍ ሁለት ምስኪን፣ በምዕራፍ ሦስት ተመልሶ ብርቱ ከሆነ ተራኪው ይጨነቃል። አድማጭ ደግሞ ለማን እንደሚያዝን በቶሎ ማወቅ ይፈልጋል። ስለዚህ ከአሥሩ ግብ ይልቅ የሊሉ ፍጹም ቅጣት ምት የታሪኩ መነሻ እንዲሆን ይመረጣል፤ ካሌም ከተወለደ ጀምሮ ትንሽ ብቻ የነበረ ሆኖ ይቀርባል።

የስፖርት ጸሐፊ እንዲህ ሲጨንቀው የሚሮጠው ወደ ዳዊትና ጎልያድ ነው። ምሳሌው ብዙ ከመነገሩ የተነሣ ልብሱ አልቋል። ዋናው ጉድለቱ ግን ማርጀቱ ሳይሆን መቆረጡ ነው። አንደኛ ሳሙኤል ምዕራፍ 17 ላይ ወንጭፍና ጠጠር ይዞ የወጣው ብላቴና በሁለተኛው መጽሐፍ ንጉሥ ሆኗል። የኦርዮን ሚስት ወስዷል፤ ኦርዮንም ውጊያው በበረታበት ግንባር አስቁሞ አስገድሎታል። ያኔ ነቢዩ ናታን መጥቶ የበግና የላም መንጋ ሞልቶት ሳለ የድኻውን ብቸኛ በግ ስለ ወሰደ ባለጠጋ ይነግረዋል። ዳዊት በባለጠጋው ላይ ይቆጣል። ያ ሰው ራሱ መሆኑ ፊት ለፊት እስኪነገረው ድረስ አልገባውም። የመጽሐፉ ጸሐፊ ወንጭፉን በጻፈበት ብዕር በጓንም ጽፏታል፤ ታላቅነቱም እዚህ ላይ ነው። እኛ ግን ምዕራፍ 17 ላይ መጽሐፉን እንዘጋለን። ዳዊትን እንጠቅሳለን፤ ናታንን ወደ ሜዳ አናስገባም።

እዚህ ላይ «አሥር ግብ ማግባት እንደ ኦርዮ ደም ኃጢአት ነው ወይ?» የሚል ሊነሣ ይችላል። አይደለም። ኳስ ውድድር ነው፤ ተጋጣሚን እስከ መጨረሻው ፊሽካ በሙሉ ልብ መግጠም ክብር መስጠት ነው። አምስተኛው ግብ ላይ ሲደርሱ በርኅራኄ እግር ማሳረፍ ከአሥሩ ግብ የበለጠ የሚያዋርድበት ጊዜ አለ፤ «ለእናንተ ይህም ይበቃችኋል» የሚል ንቀት አለበት። ከዚህም ሌላ ከታች ዲቪዚዮን ጋር መጫወት ለሚበልጠው ቡድን ምንም ትርፍ የለውም። ቢያሸንፍ የሚደነቅለት የለም፤ ቢሸነፍ መሣለቂያ ይሆናል። ያንን ፈተና ሳይታበይና ሳይዘናጋ ማለፍ በእኔ ግምት ሻምፒዮኑን ቦርዶን ከመርታት የማያንስ የባሕርይ ማሳያ ነው። ቦርዶን ለመግጠም የሚያነሣሣ አያስፈልግም፤ ስሙ ብቻ ደም ያሞቃል። ላንጎንን በብርዱ ወራት፣ ሊልን ጥሎ ደረቱ ተነፍቶ ሳለ፣ ሥራዬ ብሎ 3 ለ 0 ማሸነፍ ግን ልብን መግዛት ይጠይቃል። ስለዚህ ተረኩ ላንጎንን ሲያስቀር የተሸናፊውን ብቻ ሳይሆን የካሌንም አንድ ታላቅ ሥራ አብሮ ይጥላል። ካሌን የምናውቀው ወደ ላይ አንጋጦ ሲታገል እንጂ ወደ ታች ሲመለከት ዓይኑ ምን ይመስል እንደ ነበር አይደለም።

የሚገርመው፣ ተሸናፊን እንዴት መተረክ እንደሚቻል የሚያስተምር ታላቅ ሥራ እዚያው ካሌ ከተማ ማዘጋጃ ቤት ፊት ለፊት ቆሟል። በ1347 የእንግሊዙ ንጉሥ ኤድዋርድ ሦስተኛ ከተማዋን ወራት በፈጀ ከበባ ካስራበ በኋላ ስድስት የከተማዋ ታላላቅ ሰዎች ገመድ በአንገታቸው አስረው፣ የከተማዋን ቁልፍ ይዘው ወደ እርሱ እንዲወጡ ጠየቀ። ቀራፂው ኦግስት ሮዳን ይህን ታሪክ በነሐስ ሠራው፤ ሐውልቱም በ1895 ተመረቀ። በሐውልቱ ላይ ድል አድራጊው ንጉሥ የለም። ንግሥቲቱ ለምና ስድስቱን ከሞት ያተረፈችበት ሰዓትም የለም። ያለው ተሸንፈው ለመሄድ የተነሡበት ቅጽበት ብቻ ነው፤ ስድስት ሰዎች፣ ስድስት የተለያዩ ፊቶች። አንዱ ራሱን በእጆቹ ይዟል፤ ሌላው ቁልፉን ጨብጦ ቀጥ ብሏል። ሮዳን ሰው አጠገባቸው እንዲቆምና ዓይን ለዓይን እንዲተያይ ሐውልቱ ዝቅ ብሎ እንዲተከል ይፈልግ ነበር። ከተማው በመጀመሪያ ከፍ ባለ መሠረት ላይ ሰቀለው፤ ዝቅ ያለው ቀራፂው ከሞተ በኋላ በ1924 ነው። የሮዳን ትምህርት አጭር ነው፤ መሸነፍ ብዙ ዓይነት ፊት አለው። በጋዜጣችን ግን ተሸናፊ ፊት የለውም፤ ቁጥር ብቻ ነው፣ ያውም ከ«ለ» በኋላ የሚመጣው ትንሹ ቁጥር።

የ2000ው ፍጻሜ ሲያልቅ የሆነው ነገር በበጎ ይነሣል፤ ይገባዋልም። ገና 21 ዓመት ያልሞላው የናንት በረኛና አምበል ሚካኤል ላንድሮ የካሌውን አምበል ሬዥናል ቤክን ጠርቶ ዋንጫውን አብረው አነሡ። ጨዋ ሰው የሚያደርገው ነው። ነገር ግን ያ ሥዕል ለምን እንዲህ እንደ ተወደደ እንጠይቅ። ተሸናፊውን አገር ሁሉ ያውቀዋል፣ ያለቅስለታልም፤ ካሜራውም እሱ ላይ ነው። አገር ያየውን ተሸናፊ ማክበር ቀላል ነው። ካሜራ በሌለበት የገጠር ሜዳ አሥር ግብ ገብቶበት መረቡን የሚፈታው ተሸናፊ ግን የሚያከብረው ተራኪ ካላገኘ ማንም አያገኝም።

የታሪኩ ቀሪ ክፍልም ብዙ አይነገርም። ካሌ በ2006 እንደገና ሩብ ፍጻሜ ደርሶ በዚያው በናንት 1 ለ 0 ወጣ። በ2008 ከተማዋ አዲስ ስታዲየም ከፈተች፤ ስሙም «የጀብዱ ገድል ስታዲየም» የሚል ትርጉም አለው። ክለቡ ግን ዕዳ ተጭኖት በ2017 በፍርድ ቤት ውሳኔ ፈረሰ። ገድሉ በስታዲየሙ ግድግዳ ላይ ቀረ፤ ባለ ገድሉ የለም። በዚህኛው ጥሎ ማለፍ የተጣለው ካሌ ራሱ ነው። በ2000 ዓለምን ያዳረሰ ወሬ የነበረው ክለብ ሲፈርስ፣ ወሬው እንደ ላንጎኑ 3 ለ 0 ሁሉ ጥግ ላይ በትንንሹ የሚጻፍ ሆነ። ያን ዓመት ያለቀስንለት ትንሽነቱን ወደን ቢሆን ኖሮ ይበልጥ ትንሽ በሆነ ጊዜ በፈለግነው ነበር። የወደድነው ማለፉን ነበር።

ከስፖርት ገጾቻችን የምጠብቀው ታዲያ ብዙ አይደለም። ለተሸነፈ ሁሉ ሙሾ ይውረድ አላልኩም። የአንድ ቡድን ጉዞ ሲተረክ ከላይ ያሉትን የጣለበት ብቻ ሳይሆን ከታች ያሉትንም የጣለበት ይጻፍ፤ የማን ሜዳ ላይ፣ ከእነማን ጋር፣ እንዴት ባለ ጠባይ። አንድን ቡድን፣ እንደ አንድ ሰው ሁሉ፣ የምናውቀው ከሚበልጡት ጋር ሲታገል ብቻ አይደለም። ከሚያንሱት ጋር ብቻውን ሜዳ ላይ ሲቀርም ነው።