ጠመንጃው ሲወደስ ባለእጁ ለምን ተረሳ?

በአፉላ ኢሊት ሠርግ ሲደገስ ከእስክስታው መካከል አንዳንዴ ቀረርቶና ፉከራ ይሰማል። አባቶች ዱላቸውን እንደ ጠመንጃ ይዘው ሲንጎራደዱ ልጆች ከበው ያያሉ። የአማርኛው ምሥጢር ግን ብዙዎቹን ያመልጣቸዋል። ስለዚህ የዚህን ኪነት ደግ ጎኑንም ጉድለቱንም ባጭሩ ልንጽፍ ወደድን።

ፉከራ ጠመንጃን በስሙ ጠርቶ ያወድሳል፤ ሰናድር፣ ውጅግራ፣ ምንሽር ይላል። ስሞቹ ከባሕር ማዶ የመጡ ናቸው። ለምሳሌ ውጅግራ የሚባለው፣ እ.ኤ.አ. በ1874 የወጣው የፈረንሳዮች «ፉዚ ግራ» ነው። ፎካሪው የባዕዱን ብረት በራሱ አፍ አገርኛ አድርጎታል፤ ይህ ትልቅ የቋንቋ ችሎታ ነው። ደግሞም የሚመሰገነው ጥይት ያባከነው ሳይሆን አልሞ ያልሳተው ነው።

ጉድለቱ ግን እዚህ ላይ ነው። እኛ የሰማናቸው ፉከራዎች ተኳሹንና መሣሪያውን እንጂ ብረት የሚያበጀውን ሰው አያነሡም። በጎንደር ማረሻውን፣ ማጭዱንና ቢላዋውን ከሚቀጠቅጡት ብዙዎቹ የእኛ አባቶች ነበሩ። ገበሬው ያለ እነሱ ማረስ ባይችልም የከፈላቸው ምስጋና «ቡዳ» የሚል ስድብ ነበር። ዛሬ በማኅበራዊ ሥራችን አያቱ ቀጥቃጭ እንደነበሩ ለመናገር የሚያፍር ልጅ ሲያጋጥመን፣ ስድቡ ከእኛ ጋር ባሕር ተሻግሮ መምጣቱን እንረዳለን።

ባለእጁን መርሳት ምን ያህል ስሕተት እንደሆነ የኢላማ ስፖርት ያሳያል። በኦሎምፒኩ የ50 ሜትር ውድድር ተኳሹ ተንበርክኮ፣ ተኝቶና ቆሞ ይተኩሳል። የጥይቱ ውፍረት 5.6 ሚሊ ሜትር ነው፤ አሥር ነጥብ የሚያስገኘው ክብ ደግሞ 10.4 ሚሊ ሜትር፣ ማለት የጣት ጥፍር ያህል ብቻ ነው። እዚህ ወኔ ብቻውን አይበቃም። የዚህ ጥይት መለኮሻ በቀለሁ ጠርዝ ውስጥ ስላለ፣ ቀለሁን እንደገና ሞልቶ መጠቀም አይመችም። ስለዚህ ባለቤቱ ከአንድ ፋብሪካ በተለያየ ጊዜ የወጡ ጥይቶችን በራሱ ጠመንጃ እየሞከረ፣ ቀዳዳዎቹን ይበልጥ የሚያቀራርበውን ይመርጣል። ብረቱን ከእንጨቱ ጋር የሚያያይዙት ቡሎኖች በአግባቡ ካልጠበቁ ተኩሱ ይበተናል። የቃታው ክብደትም ይለካል። አንድ ነገር ብቻ ይለውጣል፣ ይተኩሳል፣ ይጽፋል፣ እንደገና ይሞክራል። ይህ ጠባይ ብረቱን አግሎ፣ መትቶ፣ አገላብጦ አይቶ እንደገና እሳት ውስጥ ከሚከተው ቀጥቃጭ ጠባይ በምን ይለያል? ዒላማውን የሚመታው የሁለቱ እጅ ነው፤ የተኳሹና የባለእጁ።

ወላጆች ሆይ፣ ፉከራው ይቅር አንልም። ነገር ግን ለልጆች በዕብራይስጥም ቢሆን ትርጉሙን ንገሯቸው። በዚህ አገር ያለ ፈቃድ ጠመንጃ መያዝ ወንጀል መሆኑንም አብራችሁ አስረዱ። ወታደር ልጃችሁ ይዞት የሚመጣው መሣሪያ የጦሩ ንብረት ነውና ለጨዋታ አይነሣም። ተኩስ መማር የሚወድ ልጅ ካለ ፈቃድ ባለው «ሚትዋሕ»፣ ማለት በተኩስ መለማመጃ ቦታ፣ በአሠልጣኝ ሥር ይማር።

ፎካሪ አባቶቻችንንም አንድ ነገር እንለምናለን። በሚቀጥለው ሠርግ «ዘራፍ» ብለው ሲነሡ፣ ልጆቹ እየሰሙ፣ «የቀጥቃጩ ልጅ» ብለው ይፎክሩልን።